ከአያት እስከ ሕፃን አንድ ላይ ሲወጣ፦ ከሐይፋ እስከ አሽቀሎን የትኛው የባሕር ዳርቻ ይሻላል?

በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል የቤተሰባችን ዋትሳፕ በአንድ ጥያቄ ይሞላል። «ዘንድሮ የት ባሕር እንሂድ?» አንዱ ቴል አቪቭ ይላል። አንዷ ኔታንያ ትላለች። ጎረምሶቹ ማዕበል ያለበትን ይፈልጋሉ። እናቴ ደግሞ «እኔ ቤት እጠብቃለሁ፣ እናንተ ሂዱ» ትላለች። ቤት መቅረት ፈልጋ አይደለም። የምቀመጥበት ቦታ ይኑር ማለቷ ነው።

እኛ የምንኖረው እስራኤል ውስጥ፣ ረሆቮት ነው። ባሕር ሩቅ አይደለም፤ ግን በእግር የሚኬድበትም አይደለም። ስለዚህ አንዴ ሁለት መኪና ሞልተን ከወጣን ቦታው ትክክል መሆን አለበት። ባለፉት ዓመታት ብዙ ቦታ ሞክረናል። አንዳንዱ ጋ ደግመን ሄደናል፤ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ከምሳ በፊት ተመልሰናል። ይህን የጻፍኩት እንደኛ ሦስት ትውልድ ይዞ ለሚወጣ ሰው ነው። ብቻውን ወይም ከጓደኛው ጋር ለሚሄድ ወጣት የትም ቢሄድ ይሆነዋል።

በምን እንለካው?

ብዙ ሰው የሚጠይቀው «የትኛው ያምራል?» ብሎ ነው። እኔ የምጠይቀው «ከመካከላችን ደካማው ማን ነው?» ብዬ ነው። ትንሹ ልጅና ትልቋ እናት ከተመቻቸው ሌላው እንደምንም ይሆናል። ከዚህ ተነስቼ አምስት ነገር አያለሁ፦ የውሃውን እርጋታ፣ ጠባቂውን፣ ወደ ውሃው የሚወርደውን መንገድ፣ ለአዛውንት የሚሆነውን መቀመጫና ጨዋነት፣ በመጨረሻም ገንዘቡንና ትራንስፖርቱን።

ዋናው የውሃው እርጋታ ስለሆነ እሱ ላይ ትንሽ እንቆይ።

የእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ በተፈጥሮው ቀጥ ያለ ነው። ከሐይፋ አካባቢ በስተቀር ባሕሩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚያርፍበት ቦታ ብዙ የለም። ማዕበሉ ከምዕራብ ይመጣና በቀጥታ ይመታል። ስለዚህ ከተሞቹ ራሳቸው እቅፍ ሠሩ። ከዳርቻው ትንሽ ራቅ አድርገው ትልልቅ ድንጋይ ከመሩ። ማዕበሉ ድንጋዩ ላይ ይሰበራል፤ ከኋላው ያለው ውሃ ይረጋል። አሸዋውም እዚያው እየተጠራቀመ ውሃው ጥልቀት ያጣል። ሕፃን ልጅ ቁጭ ብሎ በባልዲ የሚቀዳበት ውሃ የሚገኘው እንዲህ ዓይነት ግድብ ጀርባ ነው።

ግን ግድቡን አይታችሁ ሙሉ በሙሉ አትዘናጉ። በድንጋዩ ላይ ዘሎ የገባው ውሃ መውጫ ይፈልጋል። የሚወጣው በግድቦቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው። እዚያ ጋ ላይ ላዩን ጸጥ ያለ የሚመስል፣ ከሥር ግን ወደ ጥልቁ የሚጎትት ጅረት አለ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል የሰማነው ስለ ወንዝ ነው። ባሕርም ያውቅበታል።

የወንድሜ ልጅ አሥር ዓመቱ እያለ በአንድ ግድብ ባለው ዳርቻ በአየር የሚነፋ ፍራሽ ላይ ተኝቶ ነበር። ጠዋት ነው፤ ነፋሱ ከመሬት ወደ ባሕር ይነፍሳል። እኛ ቆሎ እየቆረጠምን ወሬ ይዘናል። ድንገት መጺሉ (የዋና ጠባቂው) ከማማው ላይ በድምፅ ማጉያ ጮኸ። «ቢጫ ቁምጣ! ቢጫ ቁምጣ! ተመለስ!» ቢጫ ቁምጣ የለበሰው የኛ ልጅ መሆኑን ለማወቅ ግማሽ ደቂቃ ፈጅቶብናል። ፍራሹ ወደ ክፍተቱ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። መጺሉ በሰሌዳው ቀዝፎ ሄዶ አመጣው። ከዚያ ወዲህ የሚነፋ ፍራሽ ከቤታችን አይወጣም። ቢጫ ቁምጣ ግን ለሁሉም ልጅ ገዝተናል። ሰማያዊ ዋና ልብስ ውሃ ውስጥ አይታይም።

ጅረቱ የወሰደው ሰው ፊት ለፊት እየታገለ ወደ ዳር ልምጣ ካለ ይደክማል። ወደ ጎን መዋኘት ነው ያለበት፤ ጅረቱ ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ሄድ ሲል ይለቀዋል። ድንጋዮቹ ላይ መውጣትም ክልክል ነው። አልጌ ያዳልጣል፤ ዛጎሉ ደግሞ እግር ይቆርጣል።

ሁለተኛው መለኪያ ጠባቂው ነው። እዚህ ላይ ድርድር የለም። መጺል የሌለበት ዳርቻ፣ ወይም መጺሉ ሥራ ጨርሶ የሄደበት ሰዓት፣ የዋና ቦታ አይደለም። ማማው ላይ ያለውን ባንዲራ እዩ። ነጭ ከሆነ መግባት ይቻላል። ቀይ ከሆነ አደገኛ ነው። ጥቁር ከሆነ መግባት ክልክል ነው። ልጆች ይዤ ስሄድ ቀይን እንደ ጥቁር ነው የምቆጥረው። የሥራ ሰዓቱ በወቅቱ ስለሚለዋወጥ ከመውጣታችሁ በፊት ወደ ማዘጋጃ ቤቱ 106 ደውሉ። ፍሳሽ ገብቶ ለጊዜው የተዘጋ ዳርቻ ካለም እዚያው ይነግሯችኋል።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። ካርታ ላይ ባሕሩ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ይመስላል። ስትደርሱ ግን አርባ ደረጃ ይጠብቃችኋል፤ ከዚያ የጋለ አሸዋ። የሕፃን ጋሪ አሸዋ ላይ አይሄድም። ጉልበቷን የሚያማት እናት ደግሞ መውረዱን ትወርድ ይሆናል፤ መውጣቱ ነው ጣጣው።

አራተኛውን የትም የጉዞ ጽሑፍ ላይ አላየሁትም። ለኛ ግን ትልቅ ነገር ነው። ከጎንደር አካባቢ የመጣ አዛውንት ውሃ ሲባል የሚያስበው በክረምት ሞልቶ ከብት የሚወስድ ወንዝ ነው። ባሕር ዳር ራቁቱን የሚተኛ ሰው ማየትም አለመደም። እናቴ መጀመሪያ የወሰድናት ቀን ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ ነው የዋለችው። ስለዚህ ለወንድና ለሴት ቀን የተለየበት ዳርቻ፣ ጥላ ያለው የእግር መንገድ፣ መደገፊያ ያለው አግዳሚ ወንበር የሚሉት ነገሮች ለኛ ትርፍ አይደሉም።

ገንዘቡ ቀላል ነው። የታወጁት የዋና ዳርቻዎች አብዛኞቹ መግቢያ አያስከፍሉም። ኪስ የሚጎዳው መኪና ማቆሚያው፣ የወንበር ኪራዩና አይስክሬሙ ነው። በተረፈ ሰንበትን አስቡ። ባቡር ከዓርብ ከሰዓት በኋላ ይቆማል፤ የሚመለሰው ቅዳሜ ማታ ነው።

ባት ያም፦ ሆፍ ሀሴላ

ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ያለው ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው ይህን ነው። ግድቡ ውሃውን እንደ ግማሽ ጨረቃ ከብቦታል። ክፍት ባሕሩ ሲናወጥ እንኳ ውስጡ ኩሬ ይመስላል። ልጅ ብዙ ርቀት ሄዶ ውሃው ከወገቡ ላያልፍ ይችላል። አዋቂ ደግሞ ቁርጭምጭሚቱን ነክሮ ወንበር ላይ ቁጭ ማለት ይችላል። እናቴ ባሕር የገባችው የመጀመሪያው ቀን እዚህ ነው። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው እኔን ይዛ፣ እስከ ጉልበቷ ድረስ። «ይሄማ ሞቅ ያለ ገንዳ ነው» አለች።

እርጋታው ግን ዋጋ አለው። የታጠረ ውሃ ቶሎ አይለዋወጥም። በኦገስት ከሰዓት በኋላ ሰው ሲበዛ ውሃው ደፍረስ ይላል፤ ይሞቃልም። ስለዚህ በጠዋት ሂዱ። ለጎረምሳ ደግሞ አሰልቺ ነው። የኛዎቹ ሃያ ደቂቃ ሳይቆዩ «ይሄ የሕፃናት ነው» ብለው ከግድቡ ውጪ ወዳለው ዳርቻ ሄዱ። የባት ያም ዳርቻ በሙሉ ከሦስት ኪሎ ሜትር ትንሽ ስለሚበልጥ ብዙ ሳይርቁ ማዕበል አገኙ፤ እዚያም መጺል ነበር።

መኪና ለሌለው ሰው በ2023 የተከፈተው ቀይ መስመር ቀላል ባቡር ከፔታሕ ቲክቫ ተነስቶ በቴል አቪቭ አድርጎ ባት ያም ድረስ ይመጣል። ጣቢያው ባሕሩ ላይ አያወርድም፤ ወደ ምዕራብ በእግር መሄድ አለ። ጋሪና ሳጥን የያዘ ሰው ይህን ያስብበት። በሰንበት አይሠራም።

ቴል አቪቭ፦ ሜጺጺም እና ኖርዳው

ሁለቱን አንድ ላይ የማነሳው ጎን ለጎን ስለሆኑ ነው። ጥቅማቸውም እሱ ነው።

ሜጺጺም ከተማው በሰሜን በኩል ከአሮጌው ወደብ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። በግድብ የታቀፈ፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ አለው። ቤተሰብ የሚበዛበት ነው። ወደቡ የእንጨት ወለል ያለው ሰፊ የእግረኛ ቦታ ስለሆነ ጋሪ እንደልብ ይሄዳል። ልጅ ውሃ ሲሰለቸው እዚያ ይሮጣል።

ኖርዳው ደግሞ በግንብ የታጠረ ነው፤ ከውጪ አይታይም። እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ የሴቶች ቀን ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የወንዶች ነው። ቅዳሜ ለሁሉም ክፍት ነው። አክስቴ ሰባ ዓመት አልፏታል። ዕድሜዋን ሙሉ ባሕር ገብታ አታውቅም ነበር። አንድ ማክሰኞ ከእህቴ ጋር ኖርዳው ገባች። እኛ ወንዶቹ ልጆቹን ይዘን ሜጺጺም ቀረን። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጸጉሯ ረጥቦ፣ እየሳቀች ወጣች። ስለ ውሃው የነገረችን ነገር የለም። «የራሳችን ሰዎች አሉ፤ ቡና ሁሉ ይዘው መጥተዋል» ነው ያለችው።

የቴል አቪቭ ችግር መኪና ማቆሚያ ነው። የከተማው ነዋሪ ላልሆነ ሰው ውድ ነው፤ በቅዳሜ ደግሞ በውድም አይገኝም። ሰንበት ለማይጠብቅ ሰው ማዘጋጃ ቤቱ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ በሳምንቱ መጨረሻ የሚያስኬዳቸው ነፃ አውቶቡሶች አሉ። ሰንበት ለሚጠብቅ ደግሞ የሥራ ቀን ጠዋት ይሻላል፤ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

መሐል ያሉት ጎርደንና ፍሪሽማን ስማቸው የገነነ ነው። ለሽርሽር ጥሩ ናቸው። ከአራት ልጅና ከአያት ጋር ግን አልመክርም። ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ልጅ ከዓይን ይጠፋል።

ኔታንያ፦ ሲሮኒት

ኔታንያ ትልቅ የኛ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ያለባት ከተማ ስለሆነች ብዙ ሰው ዘመድ ጥየቃና ባሕርን አንድ ላይ ያደርጋል። ከተማዋ የተሠራችው በገደል አናት ላይ ነው፤ ባሕሩ ከሥር ነው። ከላይ ያለው መናፈሻና የእግር መንገድ ለአዛውንት ከማውቃቸው ሁሉ ይበልጥብኛል። አግዳሚ ወንበር አለ፤ ነፋስ አለ፤ ባሕሩ በሙሉ ይታያል። ወደ ሲሮኒት የሚያወርድ አሳንሰር ስላለ ደረጃ ለማይችል ሰው እፎይታ ነው። ስትሄዱ ግን ሌላ መንገድም አስቡ። በተለይ ለሰንበት፤ አሳንሰር ባይኖር እናንተ ጋሪውን ተሸክማችሁ መውጣት ትችላላችሁ ወይ?

ከፊቱ ግድብ ስላለ ውሃው ከክፍት ባሕር ይረጋል። ሀሴላን ያህል ግን አይደለም። ባንዲራው ቀይ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ገደሉ ከባሕሩ በስተምሥራቅ ነው። ስለዚህ በጠዋት ለአሸዋው ጥላ ይሰጣል። ጥላ ያየ ሰው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ወደ ገደሉ ሥር ይጠጋል። አትጠጉ። ድንጋዩ ልል ስለሆነ ይናዳል። ማስጠንቀቂያው በየቦታው ተለጥፏል፤ አጥርም አለ። አጥሩን ነቅለው ምንጣፍ የሚያነጥፉ ቤተሰቦች አይቻለሁ። ጃንጥላ ይዛችሁ ሂዱ።

ቀን ለይተው መዋኘት ለሚፈልጉ በከተማዋ ሰሜን ቂርያት ሳንዝ አለ። በባቡር የምትመጡ ከሆነ ጣቢያው ከባሕሩ ሩቅ ስለሆነ ተጨማሪ አውቶቡስ ያስፈልጋል።

ሐይፋ፦ ዳዶ እና ሀሻቄት

ያለ መኪና የሚወጣ ቤተሰብ ሐይፋን ያስብ። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ባቡሩ ባሕሩ ደጃፍ ላይ የሚያወርደው እዚህ ብቻ ነው። ሆፍ ሀካርሜል ጣቢያ ወርዳችሁ ትንሽ ስትራመዱ አሸዋው ላይ ናችሁ። ልጆች ባቡሩን ራሱን እንደ ሽርሽር ይቆጥሩታል።

ዳዶ ሰፊ ነው። የእግር መንገዱ ረጅምና ደልዳላ ነው፤ ጋሪ ይሄዳል። ለሕፃናት የተሠራ ጥልቀት የሌለው ገንዳም አለ። እዚህ ላይ ግን አትሳሳቱ፤ ባሕሩ ራሱ ክፍት ነው። ማዕበሉ ለጎረምሳ ደስታ፣ ለአራት ዓመት ልጅ ግን ጥፊ ነው። ስለዚህ ትንንሾቹ ገንዳው ጋ፣ ትልልቆቹ ባሕሩ ጋ፣ ለየጎራው አንድ አንድ አዋቂ። ሰው ካነሰባችሁ ዳዶን ተዉት።

ሀሻቄት ትርጉሙ «ጸጥተኛው» ነው። ባት ጋሊም ሰፈር ከራምባም ሆስፒታል አጠገብ ይገኛል። ስሙ እንደሚለው ውሃው በግድብ የተጠበቀ ነው። እንደ ኖርዳው በሳምንቱ ቀናት ለሴትና ለወንድ የተከፋፈለ ነው፤ ቅዳሜ ለሁሉም ነው። ትንሽ ቦታ ነው። ለአዛውንት እናቶች ግን ከዳዶ ይሻላል። የባት ጋሊም ባቡር ጣቢያም ሩቅ አይደለም።

ሐይፋ ሌላም ልዩነት አላት፤ በሰንበት የተወሰኑ አውቶቡሶች የሚሠሩባት ከተማ ናት።

አሽቀሎን፦ ደሊላ

ስሙን ሲሰሙ ልጆች ይስቃሉ። አዎ፣ የሶምሶኗ ደሊላ። ከዳርቻው ፊት ለፊት ትንንሽ የድንጋይ ደሴቶች አሉ፤ በእነሱና በአሸዋው መካከል ያለው ውሃ ጥልቀት የለውም። ስምንት ዓመት ለሞላውና ዋና ለጀመረ ልጅ እንዲህ የሚመች ቦታ አላየሁም። የሀሴላ ያህል የታጠረ አይደለም፤ የዳዶን ያህል አይማታም። ቦታው ሰፊ ነው፤ ምንጣፍ ከምንጣፍ አይነካካም። ከቂርያት ጋት፣ ከቂርያት ማላኪና ከቤር ሼቫ ለሚመጣ ሰውም መንገዱ ያጥራል። የባቡር ጣቢያው ግን ከባሕሩ ሩቅ ነው።

ሙሉ ቀን ለሚውል ሌላ ምርጫ በዚያው ከተማ አለ፤ የአሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ። መግቢያ ይከፈልበታል። ግን ዛፍ አለው፤ ጥላ አለው፤ ድንኳን ተክሎ ማደርም ይቻላል። የጥንቱ ከተማ ግንብ ባሕሩ ድረስ ይወርዳል። ግንቡን ለማጠንከር የተጋደሙ ክብ የድንጋይ ምሰሶዎች ጫፋቸው እንደ መድፍ አፍ ወደ ባሕሩ ወጥቶ ይታያል። ልጆቼ ከውሃው ይልቅ ያንን ነው እስካሁን የሚያወሩት።

አሽዶድን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልለፈው፦ ሜይ አሚ ለቤተሰብ ይሆናል፤ ሊዶ ግን ረቡዕ ረቡዕ ገበያ ስላለበት ያን ቀን መኪና ይዛችሁ አትሂዱ።

በአንድ ላይ ሲታይ

| ዳርቻ | የውሃው እርጋታ | ወደ ውሃው መውረድ | ለአዛውንት | ያለ መኪና | በተለይ ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| ሀሴላ (ባት ያም) | በጣም የረጋ | ቀላል | ጥሩ | ቀላል ባቡርና የእግር መንገድ | ከ3 ዓመት በታች ልጅ ላለው |
| ሜጺጺም (ቴል አቪቭ) | የረጋ | ቀላል፣ ለጋሪ ምቹ | መካከለኛ | አውቶቡስ | ለትንንሽ ልጆች |
| ኖርዳው (ቴል አቪቭ) | መካከለኛ | ቀላል | በጣም ጥሩ፣ ቀን የተለየ | አውቶቡስ | ለእናቶችና ለአያቶች |
| ሲሮኒት (ኔታንያ) | መካከለኛ | አሳንሰር ወይም ብዙ ደረጃ | ከላይ በጣም ጥሩ | ባቡርና አውቶቡስ | ዘመድ ጥየቃ ለሚሄድ |
| ዳዶ (ሐይፋ) | ክፍት፣ የሕፃናት ገንዳ አለው | ቀላል፣ ደልዳላ | ጥሩ | ባቡር ደጃፉ ድረስ | መኪና ለሌለው፣ ለጎረምሶች |
| ሀሻቄት (ሐይፋ) | የረጋ | ቀላል | በጣም ጥሩ፣ ቀን የተለየ | ባቡር | ለአዛውንት |
| ደሊላ (አሽቀሎን) | ከመካከለኛ በላይ | ቀላል | መካከለኛ | አስቸጋሪ | ዋና ለጀመሩ ልጆች |

እንግዲህ ማን የት ይሂድ?

ሕፃን ልጅ ይዛችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሀሴላ፣ በጠዋት። ወደ ቴል አቪቭ የሚቀርባችሁ ከሆነ ሜጺጺም።

እናት ወይም አክስት «እኔ አልሄድም» የምትል ከሆነ ከመጨቃጨቅ ይልቅ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ኖርዳው ውሰዷት። ሰሜን ካላችሁ ሀሻቄት። ሁለት ሦስት ጓደኞቿን ብትጨምሩ ደግሞ እናንተንም ትረሳችኋለች።

ዕድሜው የተደባለቀ ትልቅ ቤተሰብ ከሆናችሁና መኪና ካላችሁ ደሊላ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያገኛል፤ ቦታም አለ።

በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ በባቡር ዳዶ። ምግባችሁን፣ ውሃችሁንና ጃንጥላችሁን ከቤት ያዙ። ወንበር ስትከራዩ ከመቀመጣችሁ በፊት ዋጋ ጠይቁ። ስለ ምግብ ካነሳን፣ እንጀራ በወጥ ባሕር ዳር አይሆንም። ሞክረነዋል። አሸዋ የገባበት ሽሮ ጥርስ ላይ ሲንቀጫቀጭ ቀኑን ሙሉ ትዝ ይላችኋል። ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሐብሐብ፣ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ፍርፍር፤ በቃ። ቡናውን በፔርሙስ ያዙ፤ ብዙ ቦታ እሳት ማንደድ ክልክል ነው።

ቀኑና ሰዓቱ

ዳርቻውን በትክክል መርጣችሁ ሰዓቱን ብትሳሳቱ ዋጋ የለውም። ባሕሩ በአብዛኛው የሚረጋው በጠዋት ነው። እኩለ ቀን ሲቃረብ ከባሕር የሚነሳው ነፋስ ማዕበል ያመጣል። ፀሐዩም ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ አይቻልም። በኛ አቆጣጠር ነው የምላችሁ፤ እዚህ አገር ሰዓት 10፡00 እስከ 16፡00 ማለት ነው። ልጆቼ በዚህ ሁሌ ይጣሉኛል። «የኛ ቆዳ አይቃጠልም» የሚለውንም እርሱት። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፤ ክሬም ይቀባል፤ ኮፍያ ያስፈልገዋል።

ከጁን መጨረሻ እስከ ጁላይ ድረስ መዱዛ (ሲነካ የሚያቃጥለው ጄሊፊሽ) ይመጣል። በስዊዝ ቦይ በኩል ከሕንድ ውቅያኖስ የገባ ዝርያ ነው፤ ቦዩ የተከፈተው በ1869 ነው፤ መዱዛው ግን እዚህ መታየት የጀመረው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ግድብ አያቆመውም። የነካው ልጅ ካለ በባሕሩ ውሃ እጠቡት። የቧንቧ ውሃ አታድርጉበት፤ በአሸዋም አትሹት። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ፊቱ ካበጠ 101 ደውሉ።

በጣም የሚመቸው ጊዜ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ይመለሳሉ፤ ውሃው ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። በኦገስት ወደ 30 ዲግሪ የሚጠጋ ውሃ በኦክቶበርም አይቀዘቅዝም። የሱኮት (የዳስ በዓል) ዕረፍት ሲመጣ እንደገና ይሞላል። የዋናው ወቅት መዝጊያ ቀን በየዓመቱ ስለሚለያይ መጺል መኖሩን አረጋግጡ።

ስትደርሱ መጀመሪያ የምታደርጉት አንድ ነገር አለ፦ የመጺሉን ማማ ቁጥር ለልጆች አሳዩ። «ከጠፋችሁ እዚህ ጋ ኑ» በሏቸው። ጃንጥላችን ሰማያዊ ነው ማለት አይረዳም። ዳርቻው ሁሉ ሰማያዊ ጃንጥላ ነው።

ባዶ ሃይላንዶቻችሁን ደግሞ ሁሉንም አትጣሉ። እናቴ ዘንድሮ ሁለቱን በባሕር ውሃ ሞልታ ይዛ ገባች፤ ለጉልበቷ ነው። መኪናው ውስጥ አንዱ ፈሰሰና ጎረምሶቹ ረሆቮት እስክንደርስ በጨው ውሃ ላይ ተቀምጠው መጡ።